በአባቴ ቀይ እስክሪብቶ የታረሙ ሁለት አገሮች

የጀመረው ቅዳሜ ነው፤ እኔ በምኖርበት በቶሮንቶ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ። በእህቴ ከተማ በበርሚንግሃም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፣ አዲስ አበባ በአባቴ ቤት ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት። አባቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለነበሩ በቤተሰባችን የሦስቱም አገር ሰዓት ሳይታሰብ ስልክ አይደወልም ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ ያንቺ ጓንት ነው። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እዚህ ዌስተን፣ ቤቴ ድረስ አብረሽኝ መጥተሽ፣ በረዶ ያረጠበውን የሱፍ ጓንትሽን ማሞቂያው ላይ ዘረጋሽው። ሱፉ ሲሞቅ የእርጥብ በግ የሚመስለው ሽታ ክፍሉን ሞላው። አንቺም ሻይሽን እያማሰልሽ፣ ለማስተርስ እንግሊዝም እዚህም እንደተቀበሉሽ ነገርሽኝና፣ "እህትሽ እዚያ ስላለች ታውቂዋለሽ፤ ኑሮ እንግሊዝ ይሻላል ወይስ እዚህ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ስኳር ላምጣ ብዬ ተነሣሁ። ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሳልመልስልሽ ሄድሽ። ዝምታዬን እንደ ንፉግነት እንዳታይብኝ ብዬ ነው አሁን የምነግርሽ።

በዚያ ቅዳሜ ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በአንድ ሐኪም ቤት መዝገብ ክፍል ሥራ ከጀመርኩ ስድስት ወር አልሞላኝም። የምኖረው ክሬሰንት ታውን በሚባል የቶሮንቶ ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ሴት በተከራየሁት አንድ ክፍል ነበር። አከራዬ ሆቴል ውስጥ ደብል ሺፍት ይሠሩ ስለነበር የምንነጋገረው ፍሪጁ በር ላይ በምንለጥፈው ቁራጭ ወረቀት ነው። "ወጥ አለ፣ አሙቀሽ ብዪ" ይሉኛል፤ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በላሁ" እላለሁ። ዓርብ ከሥራ ከወጣሁ በኋላ እስከ እሑድ ድረስ የራሴን ድምፅ የማልሰማበት ጊዜ ብዙ ነበር። እሑድ ጠዋት የመጀመሪያው መዝሙር ላይ ጉሮሮዬ ሳይከፈት እንደከረመ በር ይንቋቋ ነበር።

እህቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። በርሚንግሃም ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። እናታችን ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኖ ነበር፤ አባቴ ጡረታ ወጥተው በዚያ ቤት ብቻቸውን ነበሩ። ከዚያ ቅዳሜ አንድ ወር በፊት፣ ሦስታችንም በአንድ መስመር ስናወራ፣ እንዲህ አሉን።

"አርባ ዓመት ካርታ ሳሳይ ኖሬ አንድ አገር እንኳ ሳልረግጥ ልቅር እንዴ? ስድስት ወር ከአንዳችሁ ጋር ልቀመጥ። ጉልበቴ ግን ሁለት መንገድ አይችልም። ወይ እንግሊዝ ነው፣ ወይ ካናዳ። የትኛው ለኑሮ እንደሚሻል እናንተ አስረዱኝ፤ እኔ አርማለሁ።"

እህቴ ሳቀች። እኔ መሳቅም አልቻልኩም። ስልኩ ሲዘጋ ተነሥቼ ክፍሌን ማየት ጀመርኩ።

ያን ወር ሙሉ ለማንም ሳልናገር ስዘጋጅ ቆየሁ። አልጋዬን ገፍቼ ከግድግዳው ጋር አጣበቅሁት፤ መስኮቱ ሥር ለአንድ ወንበር የሚበቃ ቦታ ተገኘ። ከዚያ መስኮት የምድር ባቡሩ ከመሬት በላይ ወጥቶ ሲያልፍ ይታያል። አባቴ እዚያ ተቀምጠው የባቡሩን ሰዓት በእጅ ሰዓታቸው ሲያስተያዩ፣ አንድ ደቂቃ ሲዘገይ ሲታዘቡ፣ ከሥራ ስመለስ ያንን ሲነግሩኝ ታየኝ። ከሥራ ስመለስ የሚነግረኝ ሰው መኖሩ ራሱ ታየኝ። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ካለ ሱቅ ቡናማ የሱፍ ጓንት ገዛሁ። የእጃቸውን ልክ ስለማላውቅ ትልቁን መረጥኩ።

ፍሪጁ ላይም፣ "እትዬ፣ አባቴ ቢመጡ ክፍሌን ለእሳቸው ለቅቄ እኔ ሶፋው ላይ ብተኛ ቅር ይልዎታል?" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ መልስ ተጽፎ አገኘሁ። "አባትሽ አባቴ ናቸው። የምታሳዝኚኝ አንቺ ነሽ፣ የሶፋው ስፕሪንግ ጎን ይሰብራል። ሁለተኛ ፐርሚሽን እንዳትጠይቂኝ።" ያችን ወረቀት አጥፌ ጓንቱ ውስጥ አስቀመጥኳት።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ስልኩ ሲጠራ ሁሉም ዝግጁ ነበር። ማለዳ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስለነበር የራሴ ጓንት ማሞቂያው ላይ ይጨስ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የጎረቤቶቻችን የባንግላዴሾቹ ሽንኩርት ሲጠበስ ይሸታል። በስልኩ ውስጥ በአባቴ በኩል የሰፈር ልጆች ኳስ ሲያንከባልሉ፣ በእህቴ በኩል የሻይ ማፍያ ሲንተከተክ ይሰማል።

"ፈተናው ይጀመራል" አሉ አባቴ። "አምስት ጥያቄ ነው፣ እያንዳንዱ ከአሥር። መኮራረጅ የለም።"

"አባዬ፣ እኛ እኮ አርጅተናል" አለች እህቴ።

"ለፈተና የሚያረጅ ሰው የለም። ጥያቄ አንድ፤ ብርድ። ታላቅ ትቅደም።"

እህቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ካናዳ ይሻላል" አለች። "ብርድ አለ ይባላል እንጂ የካናዳ ቤት ሙቅ ነው። እኛ እዚህ ካፖርት ለብሰን ነው ቴሌቪዥን የምናየው።"

ደነገጥኩ። እንግሊዝ ይሻላል ትላለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ እኔም በትሕትና ልከራከራት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ገና ከመጀመሪያው አባቴን ለእኔ ስትለቅልኝ ሰማሁ። ታላቄ ናት። እናታችን ስትታመም ሄዳ ያስታመመቻት እሷ፣ እኔን ለትምህርት እንድወጣ ያደረገችኝ እሷ። እንዴት ብዬ እሺ ብዬ ልውሰድባት? አፌ ቀደመኝ።

"አይ አባዬ፣ እንግሊዝ ይሻላል። እዚህ ዛሬ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ነው። ጆሮ ይቆርጣል።"

"ጥያቄ ሁለት" አሉ። የእስክሪብቶው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። "ሕክምና።"

"እንግሊዝ ሐኪም በነፃ ነው" አልኩ፣ ተራዬን ሳልጠብቅ።

"ቀጠሮው እስኪደርስ ሰው ሕመሙን ይረሳዋል" አለች እህቴ። "እሷ ራሷ ሐኪም ቤት አይደል የምትሠራው? እሷ ጋ ይሻላል።"

እንዲህ ስንባባል ጎረቤትን አለፍን፣ ቤተ ክርስቲያንን አለፍን። እኔ የእንግሊዝ ሰው ቢያንስ ስለ አየሩ ያዋራል፣ እዚህ ሊፍት ውስጥ ሰው የፎቁን ቁጥር ብቻ ነው የሚያየው አልኩ። እሷ ቶሮንቶ ውስጥ አበሻ የማይገኝበት ሰፈር የለም፣ እዚህ ግን አማርኛ ለመስማት ሁለት አውቶቡስ እይዛለሁ አለች። አይተናት የማናውቃትን የሌላዋን አገር አመሰገንን። የምንኖርበትን አጣጣልን። ቆይቶ ድምፃችን ሁሉ ከፍ አለ፤ የተጣላን ይመስል ነበር።

ልጆች ሆነን ቤታችን እንዲህ ነበር። መክሰስ ላይ የመጨረሻዋ የዳቦ ቁራሽ ሳህኑ ላይ ስትቀር እህቴ "አንቺ ብዪው" ትለኛለች፣ እኔ "አንቺ ብዪው" እላለሁ። እናታችን እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችን፤ ቀድሞ እጁን የሚሰድ ልጅ ነውረኛ ነበር። ሁለታችንም ዓይናችን ከዳቦው ሳይነቀል እንገፋፋለን። በማግስቱ እናታችን ደርቃ ታገኛትና ለድመቷ ትጥላታለች።

"የመጨረሻ ጥያቄ" አሉ አባቴ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ያኔ ልብ አላልኩትም። "ቀኑን ከማን ጋር እውላለሁ?"

"እኔ እንኳን ሥራ ላይ ነኝ፣ አባዬ" አለች እህቴ። "እሷ ትሻላለች፣ ቅዳሜና እሑድ ቤት ናት።"

"እኔም ብዙ ጊዜ የለሁም" አልኩ። ውሸት ነበር። ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የምሄድበት ቦታ አልነበረኝም። "እህቴ ጋ ቢሆኑ ይሻላል።"

በአባቴ በኩል ኳሱ ሲንከባለል፣ አንድ ልጅ ሲጮህ ተሰማ።

"ገባኝ" አሉ። "ወረቀት ሰብስቤአለሁ።"

ስልኩ ተዘጋ። እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ደግ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ፣ እኩለ ቀን፣ ስልኬ ላይ ፎቶ ገባ። አባቴ ራሳቸው ያነሡት ስለነበር የአውራ ጣታቸው ጫፍ ከጥጉ ይታያል። ባለመስመር ወረቀት ላይ በማስመሪያ ሁለት ዓምድ ተሠምሯል፤ በግራ እንግሊዝ፣ በቀኝ ካናዳ። በእያንዳንዱ መልስ ፊት በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ተሰጥቷል። እንግሊዝ ከሃምሳ አርባ ሦስት። ካናዳ ከሃምሳ አርባ ሦስት። ከሥር፣ በዚያው በሚያምረው የሰሌዳ ጽሕፈታቸው፣ እንዲህ ይላል።

"ሁለቱም ተማሪዎች ጎበዞች ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዷ የሌላዋን አገር ፈተና ሠራች እንጂ የራሷን አልሠራችም። ስለዚህ መምህሩ ባሉበት ይቆያሉ።"

ይህን ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። አከራዬ ከሺፍት ሲገቡ ኮሪደሩ ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ሰማኋቸው፤ በሬ ክፍት ስለነበር አዩኝ።

"ምነው ፊትሽ? ማን ሞተ?"

ስልኩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከቦርሳቸው ፈልገው አነበቡ። መጀመሪያ ሳቁ። "አቤት አስተማሪ! ለአገር ማርክ ይሰጣሉ?" አሉ። ከዚያ ታሪኩን ጠየቁኝና፣ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ሳቃቸው ቆመ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ስሚ፣ የኔ ማር። አንቺና እህትሽ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ስታዲ ያደረጋችሁት ምን ነበር? አባትሽ ስለ ስኖው መች ጠየቁ? 'ማን ይፈልገኛል' ነው ያሉት። እናንተ ደግሞ እየተቀባበላችሁ 'እኔ አይደለሁም' አላችኋቸው።"

"ለእሷ ብዬ ነው፣ እትዬ።"

"እሷም ላንቺ ብላ ነው። እሳቸውስ ለማን ይበሉ? ኮል አድርጊላቸው።"

እኔ ከመደወሌ በፊት እህቴ ደወለች። ሰላምታም አልነበረም።

"ለምንድነው እንግሊዝን እንደዚያ ያወደስሽው? አንድ ቀን መጥተሽ ሳታዪው!"

"አንቺስ ካናዳን መቼ አየሽው?"

ከዚያ እህቴ፣ ያቺ በእናታችን ለቅሶ እንኳ እንባዋን ይዛ እንግዳ ስታስተናግድ የዋለችው እህቴ፣ ማልቀስ ጀመረች። ትንሿን ክፍል ነጭ ቀለም ቀብታላቸው ነበር። በሁለት ቅዳሜ፣ ብቻዋን፣ መሰላል ከጎረቤት ተውሳ።

"ቀኑን ሙሉ የሰው አባት አጥባለሁ" አለችኝ። "አበላለሁ፣ ጺም እላጫለሁ፣ ፀጉር አበጥራለሁ። ጥፍራቸውን እየቆረጥኩ የአባዬን ጥፍር ማን ይቆርጥላቸው ይሆን እላለሁ። አንድ ጊዜ ለራሴ አባት ባደርገው ብዬ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"አንቺ ብቻሽን ነሽ ብዬ ነዋ። ድምፅሽ እየጠፋ ነው፣ ይታወቀኛል።"

ስለ መስኮቱ ነገርኳት። ስለ ጓንቱም። "ጓንት?" ብላ በእንባዋ መሐል ሳቀች። "ልካቸውን በምን አወቅሽ?" አላወቅሁም፣ ትልቁን ገዛሁ አልኳት። በሕይወታችን እንደዚያ ቀን ግልጽ ተነጋግረን አናውቅም።

መላውን የመታችው እሷ ናት። "ሦስታችን አንድ ላይ ከሆንን መልሰን መገፋፋታችን አይቀርም" አለች። "ነገ ጠዋት ስትነሺ ብቻሽን ደውዪላቸው። እኔም ስነሣ ብቻዬን እደውላለሁ። የራሳችንን እንናገር፣ የእህቴ ይሻላል ሳንል። እሳቸው ይምረጡ።"

ተስማማን። ቂም እንደማንያያዝም ተባባልን።

ማታውን አምስቱን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፌ እንደገና መለስኳቸው። ስለ ብርዱ እውነቱን ጻፍኩ። ስለ ጎረቤቱም። መጨረሻው ላይ፣ "ቀኑን ከማን ጋር እውላለሁ" ለሚለው፣ "ከባቡሩ ጋር፣ እኔ እስክመጣ። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር" ብዬ ጻፍኩ። ይህችን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ከዚያ በፊት "ኑልኝ" ብዬ ማንንም ለምኜ አላውቅም ነበር።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደወልኩ። አዲስ አበባ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አባቴ በመጀመሪያው ጥሪ አነሡት። ሐሳቤን እንዳልቀይር ሰላምታውን አሳጥሬ፣ "አባዬ፣ የትናንቱ መልሴ ስሕተት ነበር፣ እንደገና ላንብብልዎት" አልኩና ያለ ፋታ አነበብኩ። ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"የመጨረሻውን ደግመሽ አንብቢው" አሉ።

ደግሜ አነበብኩት።

"አሥር ከአሥር" አሉ። ከዚያ አንድ ጊዜ ሳሉ፤ የእውነት ሳል አልነበረም። "ልጄ፣ እህትሽ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። ሥራ ከመግባቷ በፊት። እያለቀሰች ጠየቀችኝ። እመጣለሁ አልኳት። ቃሌን ሰጠኋት።"

እኔ መስኮቱን አየሁ። ባቡሩ እያለፈ ነበር፣ ባዶውን ማለት ይቻላል፣ መብራቱን እንዳበራ።

"አንቺ በዚያ ሰዓት ተኝተሽ ነበር" አሉ። ለመቀለድ ሞከሩ። "ኬንትሮስ አስተምሬሽ የለም? ምሥራቅ ያለው ቀድሞ ይነጋለታል።"

እውነታቸውን ነው። እህቴ አልቀደመችኝም፤ ቃላችንን ጠብቃ ስትነሣ ነው የደወለችው። እኔም ስነሣ ነው የደወልኩት። የጂኦግራፊ አስተማሪ ልጆች ሆነን ሁለታችንም ጠዋት ያልነው አንድ ጠዋት መስሎን ነበር።

"የመጨረሻዋ ዳቦ እኔ መሆኔን መች አወቅሁ" አሉ አባቴ፣ ቀስ ብለው።

"ጥሩ አደረጉ፣ አባዬ" አልኩ። "ክፍሉን ነጭ ቀለም ቀብታልዎታለች።" ይህን በይሉኝታ ይሁን ከልቤ ያልኩት፣ ዛሬም ድረስ አላውቅም።

በሚያዝያ ሄዱ። ስድስት ወር ተቀመጡ። ያን ሰመር እህቴን ስለ እንግሊዝ ብትጠይቂያት እንደሱ ያለ አገር የለም ትልሽ ነበር፤ ዝናቡን ሳይቀር ታመሰግን ነበር። ጥቅምት ላይ እሳቸውን ሸኝታ በተመለሰች ማግስት ደውላ ያለችኝ ግን፣ "ይሄ አገር እንዲህ ጨለማ ነበር እንዴ?" ነው። አባቴን ወደ እኔ የሚያመጣቸውን መንገድ ጉልበታቸው አልፈቀደም። በየዓመቱ እናነሣዋለን፣ በየዓመቱ ለከርሞ እንለዋለን። አሁን ከምኖርበት ከዚህ ከዌስተን መስኮትም ባቡር ይታያል፤ ወደ ኤርፖርት የሚሄደው። ሰዓቱን አንዳንዴ እይዛለሁ።

ኑሮ የቱ ጋ ይሻላል ላልሽኝ፣ ካየሁት ሌላ የማውቀው የለም።

በዚያ እሑድ ጠዋት ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ትንሽ ቁጭ አልኩ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የምሄድበት ሰዓት ደርሶ ነበር። አልጋዬን ወደ ቦታው ልመልሰው እጄን አስደግፌ ነበር፤ ተውኩት። መሳቢያውን ከፍቼ ቡናማውን ጓንት አወጣሁ። የአከራዬን ወረቀት ከውስጡ አውጥቼ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አደረግኳት። ጓንቱን በማግስቱ ለእህቴ በፖስታ ልልከው ወስኜ ነበር። እሑድ ፖስታ ቤት ዝግ ነው። እስከዚያ አንድ ቀን እጄ ገብቶበት ይሂድ ብዬ አጠለቅኩት።

ከፎቆቹ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ነፋሱ እንደ ሁልጊዜው ፊት ይገርፍ ነበር። ማንም አልነበረም። እጆቼ ሞቀዋል። ጣቶቼ ግን ጫፉ ድረስ አይደርሱም ነበርና፣ እየሄድኩ ባዶውን የጓንቱን ጫፍ በሌላኛው እጄ ያዝኩት። ጣቢያው እስክደርስ አልለቀቅሁትም።